እናቴ ስትወድቅ አይቻለሁ ያልኩ ቀን

የምርመራ አልጋ ላይ የሚነጠፈው ስስ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ በሰማሁ ቁጥር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ እናቴ እላዩ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ ጆሮዋን በሻሽዋ ሸፍና ትታየኛለች።

ቤታችን ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውልና፣ ሲመለስ ከሰፈሩ ሰው ጋር እየቀለደ፣ የአሮጊቶቹን ዕቃ እየተሸከመ ይመጣ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ነበር። በበጋ፣ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲነድ፣ እናቴ ረጅም እጅጌ ለብሳ ትውል ነበር። እኔም ምላሴ የማያርፍ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ሬዲዮ» የሚለኝ ልጅ ሆኜ ሳለ ይህን ብቻ ለማንም ትንፍሽ አልልም ነበር፤ «የቤት ገመና ደጅ አይወጣም፣ የመንግሥት ሰዎች ከሰሙ አንቺን ይወስዱብኛል» ብላኛለቻ!

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ከጆሮዋ ደም ፈሰሰና አባቴ ራሱ ድራይቭ አድርጎ ክሊኒክ ወሰደን። ሐኪሟ ጆሮዋን አየች፣ እጅጌዋን ገልጣ ክንዷን አየች፣ ከዚያ አባቴን በትሕትና አስወጥታ በስልክ አስተርጓሚ ጠራች።

«እትዬ፣ ቤት ውስጥ የሚመታዎት ሰው አለ ወይ ይላሉ ሐኪሟ» አለች የስልኳ ሴት።

እናቴ ስልኩ ላይ አፈጠጠች። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«ስሜን መናገር አይፈቀድልኝም፣ እትዬ።»

በቃ፣ እናቴ ልቧን ዘጋች። እዚህ አገር አማርኛ የሚናገር ሁሉ የኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ይመስላት ስለነበር፣ ወሬው እሑድ ሳይደርስ የሚዳረስ መሰላት። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች።

ሐኪሟ አላመነችም። ስልኩን ዘግታ፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ በእንግሊዝኛ «ስትወድቅ አይተሻል?» አለችኝ። እናቴ እንግሊዝኛው ባይገባትም ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሐኪሟ ትንሽ አየችኝና ጻፈች፤ እኛም ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን፣ አራት ዓመትም እንደዚያው ኖርን።

ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴን ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። አሁን ጥያቄው ፎርሙ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ባለፈው «ቤትዎ ውስጥ የሚያስፈራዎት ሰው አለ?» የሚለውን ሳነብላት «ብቻዬን እየኖርኩ ማንን ልፍራ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ በሚሰማው በቀኝ ጆሮዋ በኩል ዞሬ ያን ቀን የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን ነገርኳት።

ሻሽዋን ወደ ግራ ጆሮዋ ሳብ አደረገች።

«እኔማ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ቢያቅተኝ አንቺ የነገርሻት መስሎኝ፣ መጥተው እስኪያወጡን ስጠብቅ ነበር እኮ።»