የጋሼ ክብሩ ፊሽካ

ጋሼ ክብሩ በዚያ ደግ ዘመን፣ ሜዳው አጥር ተመልካቹም ወንበር ሳይኖረው፣ የሀዋሳን የትምህርት ቤት ኳስ ያጫወቱ ዳኛ ናቸው። አንዴ የነፉትን ፊሽካ መልሰው አያውቁም። የገዛ ልጃቸው ያገባት ኳስ በመረቡ ቀዳዳ ሾልካ ስትወጣ «ጎል አይደለም» ብለው ነፉ። ልጁ አኩርፎ ጦሙን አደረ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ጡረታ ወጥተው ባለቤታቸውም ካረፉ ወዲህ ሜዳቸው እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው የግቢያቸው በር ሆነ። ወንበር አውጥተው ይሰየማሉ። ባጃጅ ሲፈጥን ፊሽካ፤ እናት ልጇን ስትቆጣ ፊሽካ፤ ጎረቤት እጣቢ ሲደፋ ፊሽካና ቢጫ ካርድ። ሰፈሩ ሕፃን ማስተኛት አቃተው።

ሐሙስ ሐሙስ የምትጠይቃቸው ታቢታ የምትባል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነበረች። የድሮ ጨዋታ ሲያወጉላት እንደ አዲስ ስለምትሰማ ሳምንቱን ሙሉ እሷን ሲጠብቁ ነው የሚሰነብቱት። አንድ ሐሙስ ግን ጎረቤት «አስቁሚልን» ብሎ አስጨነቃትና ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጋሼ፣ እስከ ቀጣዩ ሐሙስ እኔ ጋ ይረፍ።»

«የዳኛ ፊሽካ ትነጥቂያለሽ?» ቢጫ ካርድ መዘዙባት። እሷ ሳቀች። ያሳበዳቸው ሳቋ ነው።

በማግስቱ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው የባለሙያዎች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሄደው ከሰሷት። ኮሚቴው ከተቋቋመ ከሳሽ አይቶ ስለማያውቅ እንደ ሙሽራ ተቀበላቸው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ፊሽካው ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሙሉጌጥ መነጽራቸውን አስተካክለው ደንቡን አነበቡ።

«የተገልጋይን ንብረት የወሰደ ባለሙያ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ከሳሽ ስብሰባውን ጥሎ ከወጣ ጉዳዩ ይዘጋል።»

ጋሼ ክብሩ ደነገጡ። እሳቸው የፈለጉት ተግሣጽ ብጤ ነበር።

«ጋሼ፣ እንጀራዬ እኮ ነው!» አለች ታቢታ።

«ቅሬታዎን ያነሳሉ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

«የተነፋ ፊሽካ አይመለስም» አሉ። ከዚያ ጣራ ጣራውን አዩና፣ «ከሳሹ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ነዎታ!» አሉ ሰብሳቢዋ።

ፊሽካውን ከጠረጴዛው ላፍ አድርገው ጆሮ እስኪሰነጥቅ ነፉት። የጸሐፊዋ ሻይ ተደፋ።

«አቶ ክብሩ! ማንም ሳይነካህ ወድቀህ ተንፈራግጠሃል!» ብለው ቀይ ካርዱን ወደ ገዛ ደረታቸው መዘዙ። «ኧረ ዳኛ፣ ጠልፋኛለች!» «ዝም በል! ውጣ!» ከራሳቸው ጋር ጥቂት ተከራከሩ፤ እንደ ልማዳቸው ዳኛው አሸነፈ። ፊሽካውን በገዛ እጃቸው ታቢታ መዳፍ ላይ አኑረው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«ከሳሽ ወጥቷል፤ ተዘግቷል» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው።

ታቢታ ሮጣ ደጅ ላይ ደረሰችባቸው። «ሐሙስ ልምጣ፣ ጋሼ?»

«በቀይ የወጣ ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም።»

ሐሙስ መጣች። ወንበሩ ባዶ ነው። ጋሼ ክብሩ ከመንገዱ ማዶ ከተመልካች ተርታ ቆመዋል፤ አልሻገርም አሉ። ቢቸግራት ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። ወዲያው አንድ ባጃጅ ውልብ ብሎ አለፈ።

«ዳኛ!» ሲሉ ጮኹ ከማዶ። «ዓይንሽ የት ነው? ንፊው እንጂ!»

ታቢታ ግራ ቀኝ አየችና ነፋችው።