የበርበሬው ሳል

በምርጫው ሰሞን ነው። "ብዙ ታወራለህ" ብለው ከሱቄ ወስደው ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ አሮጌ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲዘጋ ጨለማው ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው በአንዴ ሳለ። ግድግዳው ራሱ የሳለ መሰለኝ። በርበሬው ከተነሳ ቆይቷል፤ ብናኙ ግን አልወጣም፣ ሰው በተላወሰ ቁጥር ይነሳል።

በሳምንቱ ጉንፋን ገባብን። ክፉ ጉንፋን ነበር፣ ትኩሳቱ ያቃዣል። ግን ማን ታሞ፣ ማን በርበሬ አንቆት እንደሚስል መለየት አልተቻለም። "ሐኪም!" ብለን ስንጮህ ጠባቂው ከውጭ ሆኖ "በርበሬው ነው" ይላል። እሱም ያስነጥሳል።

አንድ ጠዋት ግን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "ከሰዓት አንድ ሰው ብቻ ክሊኒክ እወስዳለሁ፣ ምረጡ" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንደኔ የሚስል አልነበረም። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ባለቤቴ አንዋር መስጊድ ጀርባ የሻይ ብርጭቆ ትሸጣለች፤ የት እንዳለሁ አታውቅም። ይህን አጠገቤ ለሚተኛው መምህር ስንቴ ነግሬዋለሁ። መንገድ ላይ አንድ የሚያውቀኝ ተሸካሚ ባገኝ ወሬው ወዲያው ይደርሳታል።

"ቆዩ እስቲ" አሉ አንድ ሽማግሌ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ውስጥ በዋገምት ደም ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። "ሳል ያታልላል። እኔን ያስፈራኝ ያ ዝም ያለው ነው።"

መምህሩን ማለታቸው ነበር። ከመጣ ጀምሮ ሲስል አልሰማነውም።

የዋገምት ቀንዳቸውን ሲገቡ በር ላይ ስለቀሟቸው የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አንገት ያዙ። በምላጭ ስባሪ ጀርባችንን በጥተው የእኔንና የመምህሩን ደም በሁለት ኩባያ አወጡና ከጣራው ቀዳዳ ብርሃን የሚወርድበት ቦታ አስቀመጡት። ያን ያህል ጊዜ ማንም ሳይስል የቆየበትን ሰዓት አላስታውስም።

የእኔ ቀይ እንደሆነ ረጋ። የመምህሩ ላዩ ላይ ሞራ የጋረደው ዓይን የመሰለ ነጭ ሽፋን አወጣ።

"አባባ፣ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ውስጡ እየነደደ ነው። ያንተ በርበሬ ነው፣ ልጄ።"

ተናደድኩ። ኩባያ ሊፈርድብኝ! ከዚያ መምህሩን አየሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ፈገግ አለልኝ።

ጠባቂው ከሰዓት መጣ። "የሚስለው የታል? ይውጣ!"

ሳሌ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"አንተ አይደለህም እንዴ ስትስል የከረምከው?"

"በርበሬው ነው" አልኩት።

ሽማግሌው መምህሩን ደግፈው አስነሱት። በአጠገቤ ሲያልፍ ስለ ባለቤቴ አደራ ልለው ፈለግሁ፤ ግን ከዚያ በላይ አፌን ብከፍት ሳሉ ያመልጠኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ስሜ ተጠርቶ የባለቤቴ ምሳ ዕቃ ገባልኝ። አንዲት ነርስ ሱቋ ድረስ ሄዳ የት እንዳለሁ እንደነገረቻት የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። መምህሩ አልተመለሰም። ጠባቂውን ስጠይቀው፣ "የቱ መምህር?" አለኝ።

አሁን ደረቴን ባመመኝ ቁጥር ላቦራቶሪ እሄዳለሁ። ደሜን በቀጭን ብልቃጥ አቁመው እንዴት እንደሚወርድ አንድ ሰዓት ይጠብቁታል። ፍጥነቱ ውስጤ መቆጣቱን ይነግራቸዋል አሉ። "ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ" ትለኛለች ልጅቷ። ያንን ሰዓት አልቀመጥም። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሳሌ ቢመጣም እውጠዋለሁ።