ዝም ያሰኘሁት ቡድን

እኔ ኳስ ያላሰለጠንኩበት ከተማ ጥቂት ነው። ድሬዳዋ፣ አሥመራ፣ ጅማ፣ ናዝሬት፤ ሁሉም ጋ አሸንፌያለሁ፣ ሁሉም ጋ ከአለቃ ተጣልቼ ወጥቻለሁ። በደርግ ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ወደ ሐዋሳ፣ ያኔ አዋሳ ነው የምንላት፣ ሲጠራኝ ባለቤቴ ቃል አስገባችኝ፤ ይህ የመጨረሻው ከተማ ይሆናል። እሺ አልኳት። እሷ ግን ስለምታውቀኝ ትልቁን ሻንጣ ሳትፈታ አልጋ ሥር ገፋችው። ልብሳችንን ከዚያው እያወጣን እንለብስ ጀመር።

ልጆቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ታቦር ተራራ ሥር ልምምድ እንሠራለን። ኳስ ይችላሉ፣ አይካድም። ሜዳ ላይ ግን የሚጯጯሁት በሲዳምኛ ነው፤ እኔ አንድም አይገባኝም። የማይገባኝን ነገር ደግሞ አልወድም፣ ዛሬም አልወድም። «ሜዳ ውስጥ በአማርኛ ብቻ» ብዬ ደነገግኩ። ከዚያ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝና «ጓድ፣ እሁድም ከተሸነፍን የስንብት ደብዳቤዎን ይወስዳሉ» አለኝ። ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም።

በዚያ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ የማይቀር ነገር ነበር፤ ሰው ተነስቶ መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ ቀጥሎ የሌላውን። ዓርብ ዕለት ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ራሳቸውን ወቀሱ። መጨረሻ ላይ በረኛው ተነሳ። አፉን ሞልቶ የማይናገር ልጅ ነው።

«የኔ ጥፋት» አለ፣ «አጥቂ ከኋላው ሲመጣበት ለተከላካዩ አለመናገሬ ነው። አማርኛውን እስካስብ ኳሱ መረብ ውስጥ ይገባል። ለእርስዎም ያለኝ ሂስ ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

ፊቴ ጋለ። አራት ከተማ የዞርኩ ሰውዬ የገዛ ቡድኔን አፍ ዘግቼ ኖሯል። ተነሳሁና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሁድ እንደፈለጋችሁ ተጯጯሁ» አልኩ። በስብሰባ ላይ ስንቱን የውሸት ግለ ሂስ አድርጌያለሁ፤ እውነተኛው ያ ብቻ ነው።

እሁድ በረኛው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንስቶ ሜዳውን በጩኸት አናጋው። አሁንም ምንም አልገባኝም። ተከላካዮቹ ግን እሱ በጮኸ ቁጥር ዞር ይሉና ኳሷን ይጠርጓታል። አንድ ለባዶ አሸነፍን። እኔም ቡድኑን ማን እንደሠራው ለሥራ አስኪያጁ ከማስታወስ አልቦዘንኩም። ሳቀና «እንግዲህ ሰኞ ልምምድ እንዳይቀር» አለኝ።

ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ።

«በይ፣ ሻንጣውን ፍቺው» አልኳት ባለቤቴን።

«ሐሙስ ፈትቼዋለሁ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ሊያባርሩህ እንደሆነ ገበያ ሰማሁ። ብትባረር የምትሄደው ብቻህን ነበር።»

ጎንበስ ብዬ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሳብኩትና ከፈትኩት። ውስጡ የቀሩት የኔ ልብሶች ብቻ ነበሩ።