የእማማ ሸዋረገድ መስኮት

ግንበኛው ሂርጳ በፉሪ ሰፈር ስሙ የተከበረ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራው "ግንብህ ዘመመ" ያለው ሰው የለም። ፕላን ማንበብ እንደማይችል ግን ሚስቱ እንኳ አታውቅም። መሐንዲስ ወረቀት ሲዘረጋለት ግንባሩን ቋጥሮ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ በዘዴ ሌሎቹን ግንበኞች እየጠየቀ፣ ፎቶ ካለም ፎቶውን እያየ ይሠራል። ዓይኑ የተባረከ ስለሆነ ጉዱ ሳይወጣ ኖረ።

አቶ አምሐ ወንዙ ዳር፣ የሂርጳ አባት ድሮ እህል ይፈጩበት ከነበረው የውሃ ወፍጮ አጠገብ ቤት ሊሠሩ ሲነሡ የአንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ቤት ፎቶ ይዘው መጡ። ያም ቤት ሥራ ካቆመ የውሃ ወፍጮ ጎን የቆመ ነው፤ ጥርብ ድንጋዩ፣ ሾጣጣ ጣሪያው፣ ረጃጅም ጭስ ማውጫው ልብ ይሰርቃል።

"ልክ ይሄንን" አሉት።

ሂርጳም ልክ ያንን ሠራ። ፎቶው ላይ የፎቁ የዳር መስኮት በድንጋይ ተደፍኖ ስላየ፣ እሱም ክፈፉን አሳምሮ መሀሉን ደፈነው።

ቤተሰቡ ከገባ በኋላ ፕላኑን የነደፈችው መሐንዲስ፣ ምስጢር የምትባለው፣ ሂርጳን ይዛ ቤቱን ልታይ መጣች። መስኮቱ በተደፈነው የፎቅ ክፍል የአቶ አምሐ እናት፣ እማማ ሸዋረገድ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ሂርጳ፣ የዚህ ክፍል መስኮት ይሄ ብቻ ነበር። ለምን ደፈኑት? ፎቶው ላይማ የተደፈነው እንግሊዞች ድሮ በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፍሉ ስለነበር ነው። ፕላኑ ላይ ክፍት ነው፤ አላዩትም?"

"አይቼዋለሁ" አለ ሂርጳ። "እማማ ናቸው ብርድ እፈራለሁ ብለው ያስደፈኑት።"

ከእማማ ጋር ስለ መስኮት ተነጋግረው አያውቁም። እማማ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ። "ብርድ አልወድም።"

ሂርጳ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ሦስት ቀን የግቢውን አጥር ሲገነባ ቀና ባለ ቁጥር የተደፈነውን መስኮት ያያል፤ እማማ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው እንደሚቀመጡ ያውቃል። እኚህን የሚያህሉ አሮጊት አስዋሽቶ ጨለማ ውስጥ ማስቀመጡ እርር ድብን አደረገው።

በአራተኛው ቀን ምስጢር ስትመጣ ኮፍያውን አውልቆ ግንበኞቹ ፊት ጠበቃት።

"እማማ ምንም አላሉኝም፤ ዋሽቼ ነው። ፕላን ማንበብ አልችልም፤ ችዬም አላውቅም።"

ግንበኞቹ እጃቸውን ሰብስበው አዩት። ምስጢር ግራ ገባት።

"ታዲያ እማማ ለምን እኔ ነኝ አሉ?"

ሂርጳ ኮፍያውን በእጁ ጨመደደው።

"ፍርሃቴን ፊቴ ላይ አይተው ነው" አላት።