«በላ» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ

ነገሩ የሆነው ረመዳንና ሁዳዴ አብረው በዋሉበት ጊዜ ነው። ለሰው ሳወራው ብዙዎች ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ግን ስቄ አልጨርሰውም።

የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያው ቁርዓን ያስቀራሉ። እኔ ደግሞ ደመና በሚጠናባት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ላይ እሠራለሁ። በጣም ከፍ ብለን ስለምንበር ስድስት ሰባት ሰዓት የኦክስጅን ጭንብል አድርገን ነው የምንውለው። ከመሣሪያዎቹ ሌላ የሠራተኛው ምግብ የኔ ኃላፊነት ነው። እዚያ ላይ ባዶ ሆድ ራስ ያዞራል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው በየሁለት ሰዓቱ አንዳች ነገር መቅመስ አለበት። ማን እንደበላ በደብተር የምመዘግበው እኔ ነኝ። ጥራጥሬ ክልክል ነው፤ ከፍታው ላይ ሆድ ይነፋል፣ ሕመሙም ቀልድ አይደለም።

ያን ቀን ጠዋት የካሜራ ባለሙያችን ጌታሁን፣ የወረኢሉ ልጅ ነው፣ በፌስታል የሽምብራ ቆሎ ይዞ መጣ። «ሕጉን ታውቃለህ» ብዬ ተቀበልኩትና ቢሮ አስቀረሁት። ለምን እንደያዘው አልጠየቅኩትም።

ሕግ አክባሪው እኔ ግን ጾሜን ነበርኩ። ለካፒቴኑ ብነግረው ይዞኝ እንደማይነሣ ስለማውቅ ዝም አልኩ። አባቴ የላኩልኝን ተምር ለማፍጠሪያ ብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ሰማይ ላይ ሆነን የመብያ ሰዓቱ ሲደርስ ጌታሁንን «በላህ?» እለዋለሁ። አውራ ጣቱን ያነሣል። «በላ» ብዬ እጽፋለሁ። ከራሴ ስም ፊትም «በላ» እላለሁ። ጽሕፈቴ ሲያምር!

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል የመካነ ሰላም ቆርቆሮዎች ከታች ያብረቀርቁ ጀመር። አባቴ አሁን ከቁርዓን ተማሪ ደረሶቻቸው ጋር ተቀምጠው ይሆናል እያልኩ ቁልቁል ሳይ፣ ካፒቴኑ ጌታሁንን ጠራ። መልስ የለም። ዞሬ ባየው ፊቱን ላብ አጥምቆታል። እጁን ስይዘው በረዶ ነው። ኦክስጅኑን አየሁት፣ ደህና ይሠራል። የምግብ ሳጥኑን ከፈትኩ። እንቁላልና አይብ ያለበት ዳቦ፣ አንዱም አልተነካም። በሁዳዴ ለክርስቲያን ይህን ያሸግኩለት እኔ ነኝ። የሚበላትን ቆሎም የቀማሁት እኔው ነኝ። በጣም ደነገጥኩ።

ተምሩን አውጥቼ «እንካ፣ ቶሎ በል» አልኩት።

ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ጾሜን ነኝ።»

«እንግዲያ ብቻዬን አልበላም።»

በኛ አገር ሰው አጠገብ ተቀምጦ ለብቻ መብላት ነውር ነው፤ ግን በዚህ ሰዓት! ብለምነው፣ በአላህ ብለው፣ አሻፈረኝ አለ። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ጭንብሌን ገለብ አድርጌ ቢስሚላህ ብዬ አንዷን ጎረስኩ። እሱም ጎረሰ።

የምንነጋገረው በማዳመጫው ስለነበር ካፒቴኑ ሁሉንም ሰምቷል። አልጮኸብንም። «ሁለታችሁም ብሉ፤ እየወረድኩ ነው» አለ ብቻ።

ካረፍን በኋላ ጌታሁን ነፍሱ መለስ ስትልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ ቆሎውን ነበር። አፍሬ ሰጠሁት። ፌስታሉን ፈቶ ቀድሞ ለኔ ዘገነልኝ።

ማታውን ለአባቴ ደውዬ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ፣ «መንገደኛ ነህ፣ ፈቃድ አለህ። ጾሙን በሌላ ቀን ቀዷ ታወጣዋለህ። ያችን የጻፍሃትን ‹በላ›ስ በየትኛው ቀን ታወጣታለህ?»

ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን አወጣሁ።

ከዒድ በኋላ የአንድ ቀኑን ጾም ጾምኩ። ካፒቴኑም ለጥቂት ጊዜ ከበረራ አገደኝ፤ አልተቀየምኩትም። ዛሬ ለጾመኛ ክርስቲያን የበሶ ጭብጦ እንይዛለን፤ እኔም ረመዳን ሲገባ ጾሜን መሆኔን ተናግሬ ምድር ላይ እሠራለሁ። ጌታሁን ያችን ገጽ ቀደህ ጣላት ይለኛል። አልቀደድኳትም። ከስሙ ፊት ያለውን «በላ» ባየሁ ቁጥር ያ በረዶ የሆነ እጁ ይሰማኛል።