ሪባን የታሰረበት ሽንት ቤት

በንጉሡ ዘመን፣ በርበሬ በረንዳ ላይ የምንነግድ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ አንጠጣም ነበር። ጾም አይደለም፤ ስለትም አይደለም። የጠጡት መውጣቱ አይቀርማ! ወንዱ ግድግዳ ባገኘበት ዘወር ብሎ ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ለወንድ መርካቶ በሙሉ ሽንት ቤት ነው። እኛስ? ወይ ቤት ድረስ መሮጥ፣ ወይ ጥርስ ነክሶ መቻል። ሮጠሽ ስትመለሺ ደግሞ መደብሽ ላይ ሌላዋ ጆንያዋን ዘርግታ ታገኛታለሽ። "ባዶ መስሎኝ" ትልሻለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ያን ሰሞን ነው ለሰፈሩ ሸንጎ ከበላይ ደብዳቤ የመጣው። ሸንጎ ማለቴ ለማክበር ነው እንጂ ዘጠኝ ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም ባለሱቅ፣ ሁሉም የአንድ ጠጅ ቤት ደንበኛ፣ ግማሾቹ በጋብቻ የተሳሰሩ። ደብዳቤው "ሸንጎው ከየሃይማኖቱና ከየወገኑ፣ ከሴትም ጭምር ሰው ይኑርበት፤ ሁሉም እኩል ይታይ" ይላል አሉ። ሊቀ መንበሩ አቡጀዲ የሚሸጡ፣ በበጋም ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ነበሩ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡና ቅመም እንደሚገዛ ሰው ከየዓይነቱ አንዳንድ ሊለቅሙ ወጡ። አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ አንድ ሸማኔ፣ አንድ ተሸካሚ ተገኘ። ሴት ቀረች። እኔን የመረጡኝ ለዕውቀቴ እንዳይመስላችሁ፤ መደቤ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ለመጥራት እቀርባለሁ። "አንቺ፣ ነይ እስቲ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኩል ነሽ" አሉኝ። በሚካኤል፣ እንዲሁ ነው ያሉኝ!

የመጀመሪያው ስብሰባ በጠዋት፣ ጠጅ ቤቱ ለጠጪ ሳይከፈት ነበር። ገና ቁጭ ከማለቴ "እስቲ ውኃ ቅጂልን" ተባልኩ። እኩል የሆንኩት ሴትዮ ማንቆርቆሪያ ይዤ ዞርኩ። አሥራ ሁለቱ ወንዶች ጠጡ፤ እኔ ጉሮሮዬ ደርቆ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና "ለሴቶች ሽንት ቤት ይሠራልን" አልኩ። ሳቅ ብትሉ ሳቅ! አንዱ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ ተረተብኝ። ሊቀ መንበሩም ጉሮሯቸውን ጠርገው "ይታሰብበታል" አሉ። ይታሰብበታል ማለት ተቀበረ ማለት ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ለራሴ ብዬ አልነበረም፤ እኔማ ለምጄዋለሁ። ከጎኔ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፣ አንዲት ልጅ ነበረች። ከጉራጌ አገር የመጣች ሙስሊም ናት። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ስትችል፣ ስትችል፣ አንድ ቀን ወገቧን ያዛትና በትኩሳት ወደቀች። ሐኪሙ "ውኃ ጠጪ፣ ሽንትሽንም እንዳታፍኚ፤ አለዚያ ጽንሱ ይወርዳል" አላት። እርጉዝ ደግሞ በቀን ስንቴ ነው የምትነሣው? አንድ ሁለቴ መደቧን ብጠብቅላት ከአንዷ ሻጭ ጋር ፀጉር ተናጨን። "እትዬ፣ መደቤን ልተው ወይስ ልጄን?" ብላ ጠየቀችኝ። ሸንጎ ላይ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፣ ለማንቆርቆሪያ!

ደግነቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። አንድ ትልቅ ሹም፣ ሸንጎው ለእኩልነት የሠራውን በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ ይላል። ጉድ ፈላ! ምን ተሠርቶ? ውኃ ሲቀዳ ይታይ እንደሆነ እንጃ። ሊቀ መንበሩ ላብ በላብ ሆነው "እንግዲህ ምን እናሳያቸው?" ሲሉ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና "ሽንት ቤት" አልኩ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ የለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ጣሪያው በቆርቆሮ ተመታ፣ ግድግዳው በኖራ ነጣ። ያውም ከልጅቷ መደብ አሥር እርምጃ ላይ! ደስታዬን አልደብቅም፣ አለቀስኩ።

ለካ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ሊቀ መንበሩ በበሩ ላይ ነጭ ሪባን አሰሩበትና "ሹሙ መርቀው ሳይከፍቱት ማንም ሰው እግሩን እንዳያስገባ" ብለው አወጁ። ኧረ በየት አገር ነው ሽንት ቤት የሚመረቀው? ሹሙ ደግሞ ለሰኞ ሲባሉ ለዓርብ፣ ለዓርብ ሲባሉ ለሚቀጥለው ወር እየተባለ ሦስት ወር አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ሪባኑ በነፋስ ይውለበለባል፣ የልጅቷ ሆድ ይገፋል።

በዚህ መሀል ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ መጥረግ የሴት ሥራ ነው ተባለና ለእኔ ተሰጠኝ። ሰው ያልገባበትን ሽንት ቤት በየጠዋቱ እንድጠርግ! እሺ ጌቶቼ ብዬ ተቀበልኩና በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኩት። የዚያኑ ቀን ልጅቷን ጠራኋት። በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብላ እንዳትገባ ሆዷ አያሳልፋትም። ስለዚህ ሪባኑን እፈታለሁ፣ ትገባለች፣ ከኋላዋ መልሼ አስራለሁ፤ ስትወጣም እንደዚያው። በቀን ስድስት ሰባቴ! ሌሎቹ ሴቶች አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ "መጀመሪያ እሷ በሰላም ትገላገል" አሉ። እሷ ግን ትፈራለች።

"እትዬ፣ ቢይዙንስ?" ትለኛለች።

"ይዘው ምን ይሉናል? ሸናችሁ?"

ያሳጣኝ እጄ ነው። ቀኑን ሙሉ በርበሬ የሚሰፍር እጅ ነጭ ሪባን ሲነካ ምን ይሆናል? ቋጠሮው ቀላ። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉትና "ምን ነካው ይኼ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ የበረንዳው አቧራ ነው። የእርስዎስ ካፖርት መቅላቱን አላዩትም?" አልኳቸው። ካፖርታቸውን ዞር ዞር እያደረጉ እያዩ ሄዱ።

ሹሙ የመጡት ልጅቷ ዛሬ ነገ በምትባልበት ሳምንት ነው። ቀጠሮው ለአምስት ሰዓት ነበር። እኛ ሴቶች ነጭ ነጠላ ለብሰን እንድንሰለፍ፣ በሩ ሲከፈት እልል እንድንል ታዘናል። አራት ሰዓት ላይ ልጅቷ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ገና አንድ ሰዓት አለ ብዬ ሪባኑን ፈታሁ፣ አስገባኋት፣ መልሼ አሰርኩ። ቋጠሮውን አጥብቄ ቀና ስል ጥቁሩ አውቶሞቢል ከሰባተኛ ሰፈር በኩል ብቅ አላለም? ትልቅ ሰው ሲዘገይ እንጂ ሲቀድም አይቼ አላውቅ!

ሊቀ መንበሩ ንግግር ጀመሩ። "በእኛ ሰፈር ክርስቲያን ሙስሊም፣ ነጋዴ ተሸካሚ፣ ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም እኩል ነው" እያሉ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ማለቂያም የለው። ማንቆርቆሪያውን አላነሡትም። እኔ በቁሜ ልሞት ደረስኩ። እሷ ብትያዝ ከመደቧ ያባርሯታል፣ ያውም በኔ ጦስ። በመጨረሻ ሹሙ መቀሱን ተቀበሉ፣ ሪባኑን ቆረጡ፣ በሩን ገፋ አደረጉት። እምቢ አለ። ደግመው ገፉት።

ከውስጥ "ሰው አለ!" የሚል ድምፅ ወጣ።

ሊቀ መንበሩ ካፖርታቸው ውስጥ ገብተው የጠፉ መሰለኝ። ሹሙ ግን እጃቸውን ከበሩ ላይ ላጥ አድርገው አነሡና "ይቅርታ" አሉ። ከዚያ መቀሱን እንደያዙ ቆመው ተራ ጠበቁ። ያን ያህል ሰው፣ ለቅመም ሻጭ ተራ ሲጠብቁ አየሁ! መቀርቀሪያው ተሳበ፣ መጀመሪያ ሆዷ፣ ቀጥሎ እሷ ወጣች። ሹሙን አየች፣ መቀሱን አየች፤ ፈርታ መሆን አለበት፣ ብቻ "ጨርሻለሁ፣ ይግቡ" አለቻቸው። በሩ ሲከፈት እልል በሉ ተብለን የለ? ተከፈተ። በረንዳውን በእልልታ አቀለጥነው። ሹሙም ሳቁ፤ እሳቸው ከሳቁ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ ያባርራት?

እሷ ተረፈች፣ እኔ ግን ከሸንጎው ተባረርኩ። "አዋረድሽን" አሉኝ። ቁልፉን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁማ መጥረግ ሊመጣ ነው። ልጅቷ በሳምንቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። አራስ ሳለች መደቧን ሁላችንም ተራ ገብተን ጠበቅንላት፤ በእሷ ቦታ ጆንያዋን የዘረጋች አንዲት ሴት አልነበረችም።

ሸንጎው ግን በደብዳቤው ምክንያት ሴት ያስፈልገዋል። ሙስሊሙ ነጋዴም ስብሰባው ጠጅ ቤት ሲሆንበት ጊዜ ትቷቸው ነበር። ስለዚህ ሴትም ሙስሊምም በአንድ ወንበር እንዲያልቅላቸው እሷን መረጧት! ያን ቀን የሆነውን ሸማኔው ነው የነገረኝ። ልጇን አዝላ ገብታ እንደ ተቀመጠች ሊቀ መንበሩ "እስቲ ውኃ ቅጂልን" አሏት። እሷም ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጡት አጎረሰቻትና "ጋሼ፣ እጄ ተይዟል። እርስዎ ይቅዱልኝ" አለቻቸው። ሽማግሌው ወዲያ ቢያዩ ወዲህ ቢያዩ የሚያግዛቸው ሲያጡ ተነሡ፣ ካፖርታቸውን ሰብስበው ማንቆርቆሪያውን አነሡና ቀዱላት። ብርጭቆውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ዘረጋችላቸው።

"ይድገሙኝ" አለች።