ከስዕሉ ያወጣሁት መከለያ

ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ባለው ብየዳ ቤት፣ ዘይት የጠጣ አንድ ደብተር ነበረን። የማሾ መውቂያ ማሽናችን ንድፍ ያለው እሱ ላይ ነው፦ የተሰነጠቀ በርሜል፣ ውስጡ የተበየደ የፌሮ ጥርስ፣ የሚያዞረው አሮጌ የባጃጅ ሞተር። ንድፉን የፈለገ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይወስዳል፤ በቴሌግራም ቡድናችንም እንለጥፈዋለን። ደንቡ የወንፈል ነው። ማሳህን ላረመልህ ጎረቤት ተራው ሲደርስ እንደምታርምለት፣ ንድፉን የወሰደም ሠርቶ ያየውን ጉድለትና ያሻሻለውን ተመልሶ ደብተሩ ላይ ያስጽፋል። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቅሁ ነበር።

ትልቁን ማሻሻያ ያመጡት ከቀወት ገጠር የመጡ አንዲት ገበሬ ናቸው። ማሽኑን ሲያጎርሱ የነጠላቸውን ጫፍ ጥርሱ ያዘው፤ ሮጬ ቀድጄ አወጣኋቸው። በሳምንቱ ቢጫ ጀሪካን ሰንጥቀው መጡና የማሽኑ አፍ ላይ አስገጠሙት። ማሾው ይገባል፣ እጅ ግን ጥርሱ ዘንድ አይደርስም።

«እትዬ፣ መሐንዲስ ሆኑብኝ እኮ!» አላቸው በያጁ።

«ምን ላድርግ? አንተ ሱሪ ለባሽ፣ የነጠላን ጣጣ የት ታውቀዋለህ!»

እየሳቅሁ ደብተሩ ላይ ሳልኩት።

ከዚያ ከአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጣ። ንድፉን ለኤግዚቢሽን ፈልጎት፣ በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጠው ጠየቀኝ። «ጽሑፍሽ ያምራል» ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በማስመሪያ እያሰመርኩ ሳለ ጣቱን የጀሪካኑ ስዕል ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መከለያ ነው፤ እጅ እንዳይገባ።»

«አውጪው። የምናሳየው ማሽን ነው፤ ጀሪካን ለጥፈን እንዳይሳቅብን።»

«እሺ» አልኩ። እሺ! ለበያጁም አልነገርኩትም።

ወረቀቱ ማህተም ተመትቶበት በየቀበሌው ተበተነ። የማሾ አዝመራ ሲደርስ ካራቆሬ አካባቢ አንድ ገበሬ በዚያ ወረቀት ያሠራው ማሽን ሦስት ጣቱን ቆረጠው። ወሬውን ያመጡልን እትዬ ናቸው፤ ወረቀቱንም ይዘው መጥተዋል። በያጁ አየው፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይሄ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም?»

«ባለሙያው ነው አውጪው ያለኝ።»

«እሱ ማሽን አጉርሶ ያውቃል?» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «አንቺ ግን አይተሻል። ከጥርሱ ያላቀቅሽኝ አንቺ ነሽ።»

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለባለሙያው ደወልኩ። «ገበሬው ጥንቃቄ ጎድሎት ነው፤ ስዕሉ ስህተት የለበትም» አለኝ። «ደግሞ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ነገር አታካብጂ።» የሰው ጣት ተቆርጦ እኔን ያሞግሳል! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ደብተሩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ፎቶ አንስቼ ቡድኑ ላይ ለጠፍኩ፦ «ማህተም ባለው ወረቀት አትሥሩ። ባለሙያው አውጪ አለኝ፤ መከለያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሠራችሁ አሳውቁን።»

ሁለት ሰዎች መለሱ። ጀሪካንና መሰርሰሪያ ባጃጅ ላይ ጭነን ከበያጁ ጋር ወጣን። የመጀመሪያው ገበሬ ወዲያው አስገጠመ። ሁለተኛው አውድማው ላይ ማሾውን ከምሮ፣ ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል ደረስንበት።

«ወረቀቱ ላይ የለም» አለ። «ከማህተም ጀሪካን ይበልጣል? ደመናውን አታዪም? ማሾዬ ሊበሰብስ ነው፤ ዞር በይ!»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ያኔ ምን ነካሽ?»

ጎንበስ ብዬ በርሜሉን የሚያዞረውን የሞተሩን ቺንጊያ አወለቅሁና ክንዴ ላይ ጠመጠምኩት። ሰደበኝ፤ አባቴንም እናቴንም ጨምሮ ሰደበኝ። በያጁ የጀሪካኑን የመጨረሻ ብሎን እስኪያጠብቅ ድረስ አልሰጠሁትም።